ስለ ሁለት እንቁራሪቶች

ምኒልክ አደባባይ ላይ ቆሞ ስለ እንቁራሪት መናገር ለሰሚው ቀልድ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሐውልታቸው በዚያ በቆመው ንጉሠ ነገሥት ዘመነ መንግሥት፥ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ሁለት እንቁራሪቶች በሳይንስ መዝገብ ገብተዋል። ሁለቱንም የመዘገባቸው በብሪቲሽ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ጆርጅ ቡላንዠ ነው፤ አንደኛዪቱን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1896፥ ማለት በዓድዋ ድል ዓመት፥ ሁለተኛዪቱንም በ1898።

አንደኛዪቱ ሌፕቶፔሊስ ራጋዚ ትባላለች። ስሙ የተሰጣት በሸዋ ለኖረው ጣልያናዊ ሐኪም ለቪንቼንሶ ራጋዚ መታሰቢያ ነው። የደጋ ደን እንቁራሪት ስትሆን በሸዋና በባሌ ሐረና ደን ትገኛለች። ሁለተኛዪቱ ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒዩስ ናት፤ ቃሉ በላቲን «የሣር» እንደ ማለት ነው። አብዛኞቹ ወገኖቿ ዛፍ ሲወጡ እርሷ መሬት ቆፍራ ትኖራለች፤ እንቁላሏንም በእርጥብ አፈር ውስጥ ትጥላለች።

የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የእንስሳትንና የዕፀዋትን የመጥፋት አደጋ በሚመዘግብበት «ቀይ መዝገብ» ራጋዚ ለመጥፋት የተጋለጠች፥ ግራሚኒዩስ ግን እምብዛም የማታሰጋ ተብለዋል። የአንድ ወገን ልጆች ሆነው ዕጣቸው ስለ ምን ተለያየ? ምክንያቱ ቤታቸው ነው። ደኑ ለማገዶ፥ ለእርሻና ለግጦሽ ሲመነጠር ቆፋሪዪቱ አፈሯ ይቀርላታል። የደኗ እንቁራሪት ግን ዛፉ ሲቆረጥ ጥላውም እርጥበቱም አብሮ ይሄድባታል።

«ዛፍ እንተክላለን» የሚል ይኖራል። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አድኗታል፤ ውለታው አይካድም። ሆኖም የባሕር ዛፍ ተክል የጥድና የዝግባ ደን አይሆንም። ስለዚህ መጠበቅ ያለበት የቆመው ደን ነው።

ሌላም ነገር አለ። በአማርኛችን ሁለቱም «እንቁራሪት» ናቸው። በክረምት ከመስኩ ድምፅ ስንሰማ «እንቁራሪት ምን ጠፋ!» እንላለን። ራጋዚ ብትጠፋ የሌሎቹ ድምፅ ስለማይቋረጥ ማን ልብ ይላል? ስለ ቆፋሪዪቱም ቢሆን፥ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘር ጥናት በዚያ አንድ ስም የሚጠሩት ከአንድ ዝርያ በላይ መሆናቸውን አመልክቷል። እንግዲህ «አታሰጋም» በተባለው ስም ሥር፥ በአንድ ተራራ ብቻ የምትኖርና የምታሰጋ ልትኖር ትችላለች።

መቁጠሩ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ሥራ ነው። እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ግን ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ፥ ሽማግሌዎችንና እረኞችን በየቋንቋቸው እንጠይቅ፤ የደኗን ከመስኳ የሚለዩበት ስም ቢኖራቸው ጽፈን እናምጣ። ስም የሌለው ነገር ሲጠፋ እንኳ «ጠፋ» አይባልለትምና።