ትኬቱ ላይ 8 ቁጥር ለምን ጠፋ? (የሲሪያል ፕሪንተር ሴቲንግ ከሸርቆሌ)

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ፕሪንተር ሴቲንግ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። በጥር የሴሚስተር ዕረፍት ሸርቆሌ አጎቴ ጋ ሄጄ ነበር። አጎቴ ከገበሬ ሰሊጥ በሚረከብ አንድ መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠራል። ሚዛኑ ዲጂታል ነው፤ ክብደቱን በኬብል ለፕሪንተሩ ይልካል፣ ፕሪንተሩ ትኬት ያትማል፣ ገበሬው በትኬቱ ሂሳቡን ይቀበላል።

ችግሩ የመጣው ፕሪንተሩ ጥገና ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ነው። አንዱ ገበሬ 65.3 ኪሎ አስመዝኖ 65.3 የሚል ትኬት ይዞ ይወጣል። ከኋላው ያለው 48.2 ያስመዝናል፤ የሚወጣለት ግን ??.? ነው። አጎቴ የሚዛኑን መስኮት አይቶ በብዕር ይሞላል። አንድ አባት ትኬታቸውን አገላብጠው አዩና «የሱን ማሽኑ ጻፈ፣ የኔን ለምን አንተ ትጽፋለህ?» አሉት።

«አባባ፣ የተበላሸው ይሄ ማተሚያው ነው፣ ሚዛኑ ልክ ነው።»

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

እውነት ነው፣ በምን ያውቃሉ?

ማታ የተበላሹትን ትኬቶች ሰብስቤ ቁጥሮቹን ለየሁ። 0፣ 3፣ 5፣ 6 እና 9 ሁልጊዜ ይታተማሉ። 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 8 ሁልጊዜ ጥያቄ ምልክት ይሆናሉ። አንድም ጊዜ አልተዛነፈም! ይህን ለኤሌክትሪካል ተማሪ ጓደኛዬ በስልክ ስነግረው ሳቀና «ፓሪቲ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሲሪያል መስመር የሚነጋገሩ ሁለት ዕቃዎች አስቀድመው በአራት ነገር መስማማት አለባቸው፤ በፍጥነት (ባውድ ሬት)፣ በዳታ ቢት፣ በፓሪቲ እና በስቶፕ ቢት። ፍጥነቱ ቢለያይ ኖሮ ሁሉም ነገር ይዘበራረቅ ነበር። የእኛ ግን ግማሹ ደህና ነው፤ ስለዚህ ፍጥነቱን መጠርጠር አያስፈልግም። ሚዛኑ የሚልከው በ9600፣ በ8 ዳታ ቢት፣ ያለ ፓሪቲ ነው። ፕሪንተሩ ደግሞ የሚጠብቀው 7 ዳታ ቢትና ጥንድ ፓሪቲ ሆኖ ተገኘ። ጥንድ ፓሪቲ ማለት በእያንዳንዱ ፊደል ውስጥ ያሉት አንዶች፣ የፓሪቲ ቢቱ ተጨምሮ፣ ቁጥራቸው ጥንድ ይሁን የሚል ሕግ ነው። 3 ሲላክ 0110011 ነው፤ አራት አንዶች ስላሉት ያልፋል። 8 ግን 0111000 ነው፤ ሦስት አንዶች። ስምንተኛው ቢት ዜሮ ሆኖ ሲመጣ ፕሪንተሩ እሱን ፓሪቲ ነው ብሎ ይቆጥረዋል፣ ሂሳቡ አይገጥምለትም፣ ስህተት ነው ብሎ ? ያትማል። የኪሎው ምልክትም በዚሁ ምክንያት ከሁሉም ትኬት ላይ ጠፍቶ ነበር፤ እሱን ግን ማንም አልጠየቀም።

ይህ አርኤስ-232 የሚባል ስታንዳርድ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ነው። ዩኤስቢ መጥቶም ሚዛን ላይ አሁንም አለ።

ጥገናው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ፕሪንተሩን አጠፋን፣ ገለበጥነው፣ ከሥሩ ያሉትን ትንንሽ ስዊቾች በማኑዋሉ መሠረት ወደ 8 ዳታ ቢትና ወደ «ፓሪቲ የለም» መለስናቸው፣ አበራነው። ማጥፋቱ አይረሳ፤ እንዲህ ያሉ ፕሪንተሮች ብዙዎቹ ስዊቹን የሚያነቡት ሲበሩ ብቻ ነው። አጎቴ ራሱ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ 71.4 ብሎ አተመ።

የድሮዎቹን ትኬቶች ከጥያቄ ምልክቱ ተነስቼ ላስተካክል ብዬ ነበር። አይሆንም። እያንዳንዱ ? ከአምስት ቁጥሮች አንዱ ስለሆነ ??.? ብቻውን 125 የተለያየ ክብደት ሊሆን ይችላል። ሰሊጡ ደግሞ ተጭኖ ሄዷል፤ የአባባ ትኬት ላይ ያለው የአጎቴ የእጅ ጽሑፍ ነው።