የድሮውን የሽንት ቤት ጉድጓድ በወጉ እንዝጋ፦ ማሳሰቢያ ለጎረቤቶቻችን

ሰፈራችን የፍሳሽ መስመር ሲገባለት፣ ወይም አሮጌ ቤት ፈርሶ አዲስ ሲሠራ፣ ስለ ድሮው የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚያስብ ጥቂት ነው። ቆርቆሮ ይጣልበታል፣ ፍርስራሽ ይከመርበታል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የት እንደነበረ የሚያስታውስ ይጠፋል። ማናችንም ክፉ አስበን አናደርገውም፤ ከዓይን የራቀ ነገር ያለቀ ይመስለናል። ከታች ያለው ግን አላለቀም።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ተዳፋት ላይ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው እንጦጦ ተነስታ 2,100 ሜትር ገደማ እስከሆነው አቃቂ ትወርዳለች። የከርሰ ምድር ውሃውም በጥቅሉ ይህንኑ ቁልቁለት ይዞ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ከሥራችን ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብዙ ቦታ የተሰነጠቀ ነው። አፈር ፍሳሽን የሚያጣራው ቀስ ብሎ ሲያሳልፈው ነው፤ ስንጥቅ ያገኘ ፍሳሽ ግን ሳይጣራ ርቆ ይጓዛል። ቁልቁል መጨረሻው ላይ የአቃቂ የውሃ ጉድጓዶች አሉ፤ በቧንቧችን ከሚመጣው ውሃ ከፊሉ ከዚያ የሚቀዳ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመሃል ከተማ ምንጮችና ጉድጓዶች ውስጥ ከፍ ያለ ናይትሬት አግኝተዋል። ከዋና መነሻዎቹ አንዱ የእኛው ሽንት ቤት ነው።

ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም። ውሃ ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 50 ሚሊግራም ላይ ገደብ ያበጀለት በተለይ የጡጦ ወተታቸው በውሃ ለሚበጠበጥላቸው ጨቅላ ሕፃናት ብሎ ነው፤ ሲበዛባቸው ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ከናይትሬቱ ጋር የሚጓዙት ተህዋስያን የሚያመጡትንማ በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት ከተማችን ሲገባ አይተነዋል።

እናድርግ

• ጉድጓዱን እስከ ታች እናስመጥጥ፤ ሥሩ የቀረው ዝቃጭ ለዓመታት መስረጉን አያቆምም።
• የመምጠጫ መኪናው የት እንደሚደፋ ሹፌሩን እንጠይቅ፤ ቃሊቲና ኮተቤ የተዘጋጀ ቦታ እያለ ወንዝ ዳር ከደፋው፣ በአቃቂ ወንዝ ከሚለማው ጎመንና ሰላጣ ጋር ተመልሶ ገበታችን ላይ ይቀርባል።
• ወደ ጉድጓዱ የሚገባውን ቧንቧ ቆርጠን እንድፈን፤ አንድ የተረሳ የመታጠቢያ ቤት መስመር ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።
• የጣሪያ ውሃ መውረጃውን ወደ ሌላ እናዙር፤ ዝናብ የቀረውን ቆሻሻ አጥቦ ወደ ታች ይወስዳል።
• ከሥር ንጹሕ ጠጠርና አሸዋ፣ ከላይ ሸክላማ አፈር እንሙላ፤ ሸክላማ አፈር ውሃ በቀላሉ አያሳልፍም።
• አፈሩን ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር እየደረብን እንጠቅጥቅ፤ በአንዴ የተገለበጠ አፈር በክረምት ሰምጦ ሕፃን ይውጣል።
• ላዩን ከመሬቱ ከፍ አድርገን እናጉብጠው፤ ቢጠቀጠቅም ትንሽ መስመጡ አይቀርም።
• ቦታውን ለክተን ከቤቱ ሰነድ ጋር እናስቀምጥ፤ ነገ ቤቱን የሚገዛው ሰው መሠረት ወይም ውሃ ሲቆፍር እላዩ እንዳያርፍ።

ጉድጓዱ የሲሚንቶ ሴፕቲክ ታንክ ከሆነ አንድ ነገር እንጨምር። ከተመጠጠና ከታጠበ በኋላ ወለሉን መብሳት ተገቢ ነው፤ አለዚያ ዝናብ እያቆረ ሙሌቱን ያላላዋል። ከመጠጣው በፊት የተበሳ እንደሆነ ግን ዝቃጩን በገዛ እጃችን ወደ ውሃው ለቀቅነው ማለት ነው። አንዳንድ ሠራተኛ ሥራው እንዲቀልለት ይህን ያደርጋልና ቆመን እናሠራ።

አናድርግ

• ፌስታል፣ ዳይፐር፣ ያረጀ ባትሪና የቤት ጥራጊ አንሙላበት፤ ፍሳሹን በሌላ መርዝ መተካት ነው።
• ኖራ በትነን ጨረስን አንበል፤ ኖራ ሽታ ይቀንሳል፣ ተህዋስ ይገድላል፣ ናይትሬቱን ግን አይነካውም።
• የደረቀ የውሃ ጉድጓድ ሽንት ቤት ወይም ቆሻሻ መጣያ አናድርግ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ የተቆፈረው ውሃው ድረስ ስለሆነ የሚያጣራ አፈር መሃል ላይ አልቀረለትም።
• ከሽንት ቤት ጉድጓድ በ30 ሜትር ውስጥ የውሃ ጉድጓድ አንቆፍር፤ በተሰነጠቀ ድንጋይ ላይ ይህም ርቀት ሊያንስ ይችላል።
• ወደ ጉድጓዱ ማንንም አናስወርድ።

በመጨረሻው ላይ ቆም እንበል። ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ በጥቂት ትንፋሽ ብቻ ሰውን ራሱን ሊያስት ይችላል። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ስለጠፋ ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። አንድ የቀን ሠራተኛ ሲወድቅ ወንድሙ ወይም ጓደኛው ሊያወጣው ይዘላል፣ እሱም እዚያው ይቀራል። ደግነቱ ነው የሚገድለው። ሰው ከወደቀ ማንም ተከትሎ አይግባ፤ ወዲያው ወደ እሳትና አደጋ በ939 እንደውል። የጉድጓዱን አፍ በአጥር እንክበብ፣ አጠገቡም ሲጋራም ክብሪትም አንለኩስ፤ ከጋዞቹ አንዱ ሜቴን ነው፣ ይፈነዳል።

ጋራዥና ላቫጆ ያላችሁ ጎረቤቶቻችን

ግቢያችሁ ጥግ ላይ የመኪና እጣቢ የምትውጥ ጉድጓድ ካለች፣ የእናንተን ነገር ለብቻ ማየት ያስፈልጋል። የተቃጠለ ዘይት፣ ቤንዚን፣ የባትሪ አሲድና እርሳስ እንደ ሽንት ቤት ፍሳሽ በጊዜ የሚበሰብሱ አይደሉም። አሜሪካኖች እንዲህ ያለ የጋራዥ ጉድጓድ እንደ አዲስ እንዳይቆፈር እ.ኤ.አ. በ2000 የከለከሉት ለዚህ ነው። ዘይቱን በበርሜል እናጠራቅም፣ የሚገዛው አይጠፋም። ጉድጓዷን ስንዘጋ ዘይት የጠጣውን አፈር ጭምር ቆፍረን እናውጣ፤ እዚያው ከቀረ በየክረምቱ ይታጠባል። የወጣውን አፈር ደግሞ ለአትክልት ቦታ ሙሌት ለማንም አንስጥ።

የጋራ ሽንት ቤት ላለባቸው ግቢዎች

በቀበሌ ቤቶች ግቢ ያለው ጉድጓድ አሥር አባወራ ተጠቅሞበት ባለቤት የሌለው ሆኖ ይቀራል። የማስመጠጫውና የአፈሩ ወጪ ለአንድ ቤት ይከብዳል፤ ለእድር ግን የሚቻል ነው። ሰብሳቢዎቻችን በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ያድርጉልን። ከቤቱ የሚወጣ ተከራይም ጉድጓዱ ያለበትን ለሚገባው ያሳይ።

ሥራውን ለበጋ እንያዘው። በክረምት የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ስለሚል ጉድጓዱ እየተመጠጠ ይሞላል፣ መኪናውም ጭቃ ውስጥ ይቀራል። መንገዳችን ጠባብ ስለሆነ ቱቦው የማን ግቢ አቋርጦ እንደሚያልፍ፣ የማንስ አጥር ለግማሽ ቀን መነሳት እንዳለበት ከአሁኑ እንነጋገር።