ለአስፋልት የሚውል ኤስዩቪ ጎማ ሲመረጥ

ጎማ ሊቀይር የሄደ የኤስዩቪ ባለቤት ብዙ ጊዜ ሻጩን የሚጠይቀው «ጠንካራውን አሳየኝ» ብሎ ነው። ሻጩም ጥርሱ ትልልቅ፣ ጎኑ ወፍራም የሆነውን ያወርድለታል። መኪናው ከፍ ያለ ስለሆነ እንዲህ ያለው ጎማ ያምርበታል፤ ገዢውም ገንዘቡ የት እንደገባ በዓይኑ እያየ ደስ ብሎት ይከፍላል። ያ መኪና ግን ሥራው ከአዲስ አበባ አዳማ መመላለስ ከሆነ፣ የተገዛው ጎማ አይሆነውም። ጎማ መመረጥ ያለበት መኪናው አብዛኛውን ጊዜውን ለሚያሳልፍበት መንገድ ነው፤ በዓመት አንዴ ዘመድ ለመጠየቅ ስለሚገባበት ኮረኮንች ብሎ ዓመቱን ሙሉ አስፋልት ላይ የማይሆን ጎማ ይዞ መንዳት ትክክል አይደለም።

ምክንያቱ ሙቀት ነው። ጎማ መሬት በሚነካበት በኩል ይጨፈለቃል፣ መሬቱን ሲለቅ ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። በብዙ ራቭ 4 መኪኖች ላይ የሚገኘው 225/65 አር 17 የሚባለው ልክ አንዴ ሲዞር የሚሸፍነው ሁለት ሜትር ከሩብ ያህል ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲነዳ እያንዳንዱ የጎማው ክፍል በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ተጨፍልቆ ይመለሳል ማለት ነው። ሽቦ በእጅ እያጠፉ እየዘረጉ ሲደጋግሙት እጥፋቱ እንደሚግል፣ ጎማም በዚህ መተጣጠፍ ይግላል። ላስቲኩ በወፈረ፣ ጥርሱ በረዘመ ቁጥር የሚተጣጠፈው ይበዛል፤ የገባው ሙቀትም ቶሎ አይወጣም። ንፋሱ ካነሰ መጨፍለቁ ይጨምራል፤ ጭነት ሲታከልበት ይብሳል። ሙቀቱ ሲከማች ላስቲኩን ከውስጡ የብረት ሽቦ ንብርብር ጋር ያጣበቀው ነገር ይላላል፤ በመጨረሻም ጥርሱ ከነሽቦው ተላቆ ይሄዳል።

አሜሪካ ይህን የተማረችው በብዙ ሰው ሕይወት ነው። ፋየርስቶን በ2000 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎች እንዲመለሱ ጠራ። ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው ኤስዩቪ ላይ የተገጠሙ ነበሩ። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከጎማዎቹ መላቀቅ ጋር ያያዘው የሟቾች ቁጥር 271 ደረሰ። አደጋው የበረታው እንደ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ባሉ ሞቃት ግዛቶች ነበር። ፎርድ ለመኪናው 26 ፒኤስአይ ንፋስ ሲመክር ፋየርስቶን 30 ይሻላል ብሎ ተከራከረ፤ በምርመራው ደግሞ የጎማው አሠራር ራሱ ጉድለት እንዳለበት ታየ። የጎማ ንፋስ ሲቀንስ ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው መብራት በዚያ አገር በአዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው ከዚህ በኋላ በወጣ ሕግ ነው።

ለኤስዩቪ የሚሸጡ ጎማዎች በሦስት ይከፈላሉ። ኤችቲ የሚባለው ለአውራ ጎዳና የተሠራው ነው፤ ጥርሶቹ የተቀራረቡና ዝቅ ያሉ፣ ውኃ የሚያወጡ ቦዮቹ ዙሪያውን የሚሄዱ ናቸው። ኤቲ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም እንዲሆን የታሰበ ነው። ኤምቲ ለጭቃ ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ይለፈን። ኤቲ መጥፎ ጎማ አይደለም፤ ሥራው በእርግጥ ከአስፋልት የሚያስወጣው ሰው፣ ለምሳሌ የመስክ ባለሙያ፣ ቢገዛው ደግ አደረገ እላለሁ። አስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ ነዳጅ ይጨምራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ከጥሩ ኤችቲ ይልቅ ራቅ ብሎ ይቆማል። በክረምት ከዱከም ወዲያ ዝናብ ላይ ፍሬን የያዘ ሰው ጥቂት ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ዓይነቱ ከተለየ በኋላ የሚቀረው የጎማውን ጎን ማንበብ ነው። ሻጭ የሚለውን ከመስማት በፊት የሾፌሩን በር ከፍቶ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማየት ይገባል፤ ልኩም የንፋሱ መጠንም እዚያ ላይ ሰፍሯል። ከልኩ ቀጥሎ እንደ 102 ኤች ያለ ጽሑፍ ይመጣል። 102 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 850 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ኤች ደግሞ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ የተፈተነ መሆኑን ይናገራል፤ ኤስ 180፣ ቲ 190 ነው። «እኔ 210 አልነዳ» ብሎ ዝቅ ያለውን መግዛት ያሳስታል፤ ፊደሉ የሚናገረው ጎማው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚችል ጭምር ነውና። መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት ቁጥርና ፊደል በታች አለመውረድ ነው።

ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ ሦስት ደረጃዎች ይገኛሉ፦ የማለቅ፣ እርጥብ ላይ የመያዝና የሙቀት። ሰው ሁሉ የሚያየው የመጀመሪያውን፣ ማለትም ጎማው ከሌላው ጋር ሲነጻጸር በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያልቅ የሚገምተውን ቁጥር ነው። ለአውራ ጎዳና እኔ መጀመሪያ የማየው ሦስተኛውን ነው። የሙቀት ደረጃው ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ይሆናል፤ ሲ የዚያ አገር ሕግ የሚጠይቀው የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። ኤ እያለ ሲ አይገዛም።

አሁን የእኛን ሰው በተለይ የሚያሳስተው ነገር። ከጎማው ጎን፣ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ፣ አራት አሃዝ አለ። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግራሉ። 1516 የሚል ጎማ የተመረተው በ2016 ዓመት በ15ኛው ሳምንት ነው፤ ዘመኑ ግን የፈረንጆቹ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2008 መሆኑ ነው። «16» ሲያይ 2016 ዓ.ም. የመሰለው ገዢ በስምንት ዓመት የቆየ ጎማ አዲስ ነው ብሎ ይወስዳል። ጥርሱ ሙሉ፣ ጥቁረቱ የሚያበራ ሊሆን ይችላል፤ ላስቲክ ግን ተቀምጦም ያረጃል፣ በተለይ ፀሐይ ካገኘው። ብዙ መኪና አምራቾች ከስድስት ዓመት በኋላ መቀየርን ይመክራሉ፤ አሥር ዓመት ያለፈውን መንዳት በፍጹም አይገባም። ያገለገለ ጎማ ሲሆን እነዚህን አሃዞች ሳያዩ ዋጋ መጠየቅ እንኳ አይገባም።

በአራቱም እግሩ የሚጎትት መኪና አራቱም ጎማ አብሮ ቢቀየር ይመረጣል። አዲስና ያለቀ ጎማ ዙሪያቸው ስለሚለያይ አንዱ ከሌላው በፍጥነት ይዞራል፤ ያን ልዩነት ተሸክሞ የሚሠራው ዲፈረንሻሉ ነው፣ የሚጎዳውም እሱ ነው። በፊት ወይም በኋላ እግር ብቻ የሚጎትተው ሁለት ቢገዛ፣ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። ጎሚስታው ከፊት ላስገባ ቢል እሺ አይባልም። የፊቱ ውኃ ላይ ቢንሸራተት ሾፌሩ መሪው ሲቀለው ያውቃል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፤ የኋላው ቢንሸራተት ግን መኪናው ዞሮ ነው የሚያሳውቀው።

የቀረው ንፋስ ነው። የሚሞላው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ በር ላይ በተለጠፈው ልክ ነው፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛው ቁጥር የጎማው ወሰን ስለሆነ ለመሙያ አይሆንም። አዲስ አበባ ላይ ሞልቶ ወደ አዋሽ የሚወርድ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ከ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ከ1,000 ሜትር በታች ሲወረድ የውጪው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ከፍታው ብቻ ሲታይ 2 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ብሎ ያሳያል። የቆላው ሙቀት ደግሞ ከፍ ያደርገዋል፤ ለየ5 ወይም 6 ዲግሪ አንድ ፒኤስአይ ያህል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይቻቻላሉ። ስለዚህ መንገድ ላይ ጎማው ግሎ ሳለ መለኪያው ከፍ ብሎ ቢታይ ንፋስ አይተነፈስም፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ በነጋታውም መንገዱ የሚጀመረው ንፋስ ባነሰው ጎማ ነው። ቆላ ያደረ መኪና ጠዋት ሳይነሳ ይለካ። ሲለካ ስኮርታውም አብሮ ይለካ፣ አራቱ አሃዞቹም ይነበቡ፤ አራቱን ጎማ የቀየረ ብዙ ሰው ከመኪናው ጋር የመጣውን የአሥራ አምስት ዓመት ስኮርታ እንደያዘ ነው።