የገናን ምት ለሕፃናት እንዴት እናስተምር?

ለማስተማር ልምምድ ሺንሺቾ በወጣንበት ወቅት የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የደረሰን አራት ሠልጣኞች ነበርን። ገናን መረጥን። ገና እንደሚታወቀው ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ በብዙ ቦታ የሚዘወተር፣ በባህል ስፖርት ውድድሮችም የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ጫፉ የቆለመመ ዱላና ከእንጨት የተጠረበ ሩር ካለ ሌላ ወጪ የለውም።

የመጀመሪያው ቀን ግን እንደ ዕቅዳችን አልሆነም። ሠላሳ የሚሆኑ የአራተኛ ክፍል ልጆችን ጎን ለጎን አሰልፈን «በኃይል ምቱ!» አልን። አንዱ ዱላውን ሲሰነዝር ከጎኑ የቆመውን ልጅ ቅልጥሙን አገኘው። ደግነቱ ስብራት አልነበረም፤ ሆኖም የተመታው ልጅ በማግስቱ «ዱላ አልይዝም» አለ። ጥፋቱ የእኛው ነው። ቦታውን አልለካንም፤ «በኃይል» ከማለት በቀርም ያስተማርነው ነገር አልነበረም።

ማታ አንዳችን እየመታ ሌሎቻችን ተመለከትን። ጉልበቱ ከክንድ የሚመጣ ይመስለን ነበር፤ ለካስ ከእግር ነው የሚነሣው። ቀኙ የሚቀናው ልጅ ግራ ትከሻውን ወደ ግቡ አዙሮ፣ እግሮቹን በትከሻው ስፋት ከፍቶ፣ ጉልበቱን ጥቂት ሰበር አድርጎ ይቆማል። ዱላውን ግራ እጁ ከላይ፣ ቀኙ ከታች ይይዙታል። ክብደቱን በኋለኛው እግሩ ላይ ካሳረፈ በኋላ ሲመታ ወደ ፊተኛው ያሻግረዋል። ዳሌ ቀድሞ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል፣ ክንድና ዱላ መጨረሻ ይደርሳሉ። በክንዱ ብቻ የሚመታ ልጅ ቶሎ ይደክማል፤ ሩሩም ሩቅ አይሄድለትም።

ሌላው የዐይን ነገር ነው። ልጆች ሩሩ የት እንደደረሰ ለማየት ስለሚቸኩሉ ገና ሳይመቱ ቀና ይላሉ። ያኔ ዱላው ወይ ሩሩን ይስታል፣ ወይ መሬት ይቧጥጣል። «ሩሩ ከሄደ በኋላ የነበረበትን ሣር እዩ» አልናቸው። ይህች አንዲት ቃል ከማብራሪያችን ሁሉ በለጠች።

በአሜሪካና በጃፓን በሚወደደው ቤዝቦል ወርዋሪው ከመቺው 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይጥላል፤ በታላላቅ ግጥሚያዎች ፈጣኑ ኳስ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ይደርሳል። ሕፃናትን ግን ከዚያ አያስጀምሯቸውም፤ ኳሱን ወገብ በሚያህል ማቆሚያ ላይ አስቀምጠው የቆመውን ያስመቷቸዋል። እኛም በመጀመሪያ የቆመ ሩር፣ ቀጥሎ ቀስ ብሎ የሚንከባለል፣ በኋላ እየሮጡ መምታትን አስከተልን።

የእንጨቱንም ሩር ለጊዜው ተውነው። የእንሰት ቃጫ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልለን በገመድ አሰርን፤ በዚያ አካባቢ ቃጫ መቼም አይታጣም። የሚመቱት በአንድ ጊዜ አራት ብቻ፣ በመካከላቸው አምስት እርምጃ ክፍተት፣ ዱላም ከወገብ በላይ አይነሣም ተባለ። ተረኞቹ ከመስመር ጀርባ ሆነው ያለ ዱላ የእግርና የዳሌውን እንቅስቃሴ ይለማመዳሉ፤ አለዚያ ሃያ ስድስት ልጅ ቆሞ አይጠብቅም። ከእኛ በኋላ የምትወጡ እባካችሁ እርምጃውን አስቀድማችሁ ለኩ።

አንዲት ግራኝ ልጅ ነበረች። ሁለት ቀን ሙሉ «አያያዝሽን አስተካክዪ» እያልን አስቸገርናት። በሦስተኛው ቀን ተውናት። ቀኝ ትከሻዋን ወደ ግቡ አዙራ ስትመታ ሩሩ ከሁሉም ርቆ ሄደ። አፍረን ተያየን።

ቅልጥሙን የተመታው ልጅ እስከ አራተኛው ቀን ሩር እያመጣ ሲያቀብል ቆየ። በአምስተኛው ቀን ማንም ሳይጠራው ከመስመሩ ጀርባ ተሰልፎ አገኘነው፤ የመጨረሻው ተረኛ ነበር።