ባለጥለት የኪልት ካልሲ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ስኮትላንድ ውስጥ ሠርግ የተጠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ኪልቱ ነው። የትኛውን ታርታን ልልበስ፣ ጃኬቱ ልኬ ነው ወይ፣ ኪራዩ ስንት ነው ይላል። ካልሲው ትዝ የሚለው በዋዜማው ነው። እኔም ግላስጎው ውስጥ ለወዳጄ ሚዜ ሆኜ ኪልት ስከራይ ካልሲውን ሳልፈታው ከነጥቅሉ ተቀብዬ ሄድሁ። ነጭ፣ ከአክሪሊክ የተሠራ፣ አፉ የላላ ካልሲ ነበር። ጭፈራው ሳይጋመስ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ወረደ፤ የሠርጉ ፎቶዎች ላይም እንደወረደ ይታያል። ለአንድ ቀን ልብስ ያን ያህል ገንዘብ የሚቀበል አከራይ ቢያንስ እግር ላይ የሚቆም ካልሲ መስጠት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ኪልት ሊለብስ የተነሣ ወዳጅ ሁሉ ካልሲውን አስቀድሞ እንዲያስብበት እመክራለሁ።

ከሱሪ ሥር ያለ ካልሲ ተደብቆ ይውላል። ኪልት ግን ጉልበት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በታች እስከ ጫማው ድረስ የሚታየው ካልሲው ብቻ ነው። ከለባሹ ቁመት አንድ አምስተኛ ያህሉን ይይዛል። ጥለት ካለበት ደግሞ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ዝግጅቱ ምን ዓይነት ነው?

መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ ይህ ነው። ሙሉ ልብስና ክራቫት የለመደ ሰው ግብዣው ከፍ ባለ ቁጥር ካልሲው ጥቁርና ወጥ መሆን ያለበት ይመስለዋል። የስኮትላንድ ደገኞች ወግ በተቃራኒው ነው። ቀን ከትዊድ ጃኬት ጋር የሚለበሰው ወፍራም፣ ወጥ ቀለም ያለው የሱፍ ካልሲ ነው፤ ጥለቱ የሚደምቀው ሲመሽና ግብዣው ሲከብር ነው። የአገራችንን ልብስ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የዘወትር ነጠላ ጥለቱ ቀጭን ነው፤ ለጥምቀትና ለሠርግ የሚወጣው ግን ሰፋ ብሎ በቀለም ያሸበረቀ ነው። ካልሲውንም በዚያው ዓይን ይዩት።

ስለዚህ የጥሪ ወረቀቱን ደግመው ያንብቡ። ሙሉ የምሽት ልብስ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለንደን ውስጥ እንደሚደረገው ሮያል ካሌዶኒያን ቦል ያለ የጭፈራ ግብዣ ከሆነ፣ ባለጥለቱ ካልሲ ትክክለኛ ቦታው ነው። እዚያ አንገቱ ዳንቴል ያለበት ዳብሌት የሚባል ጃኬት ይለበሳል፣ ዘለበት ያለው ጫማ ይደረጋል፤ እግር ላይ ያለው ጥለትም ከዚህ ሁሉ ጋር ይመጣጠናል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ፕሪንስ ቻርሊ የሚባለውን አጭር ጥቁር ጃኬት የሚለብሱ ከሆነ ወጡም ባለጥለቱም ይሆናል። እኔ ባለጥለቱን እመርጣለሁ፤ ጥቁር ጃኬት ከታች የሚመጣውን ቀለም ሊሸከም ይችላል።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 25 የሚከበረው የገጣሚው ሮበርት በርንስ እራት ግን አንድ መልክ የለውም። አንዱ በሆቴል አዳራሽ በጥቁር ክራቫት ይደረጋል፣ ሌላው በሰፈር አዳራሽ በሹራብ። ጋባዡን መጠየቅ ነው።

የቀን ሠርግ ላይ እንግዳ ከሆኑ ወጥ ቀለም ያለው ወይም እንደ ጉንጉን ተጠማዝዞ የተሠራው ይበቃዎታል። ባለጥለቱን ለሙሽራው ይተዉለት፤ በእንግዳ እግር የተበለጠ ሙሽራ አይቻለሁ፣ ደስ አይልም። ብሬማር ላይ በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ እንደሚደረገው ባለ የደገኞች ጨዋታ ላይ ቀኑን ሙሉ ሣር ላይ ቆመው፣ ብዙ ጊዜም ዝናብ እየመታዎት ነው የሚውሉት፤ ወፍራም፣ አረንጓዴ ወይም የአጃ ቀለም ያለው ሱፍ ይልበሱ። ለቀብር ጥቁር ግራጫ ወይም ሌላ ደብዘዝ ያለ ወጥ ቀለም ነው፣ ክርክር የለውም። የባግፓይፕ ቡድን አባል ወይም የደገኞች ዳንስ ተወዳዳሪ ከሆኑ ደግሞ የሚወስነው የቡድኑ ደንብ ልብስና የውድድሩ ሕግ ነው።

የትኛው ጥለት ነው?

አርጋይል የሚባለው በጫፋቸው የቆሙ ትልልቅ ካሬዎች ያሉበትና በላያቸው ቀጫጭን መስመሮች የሚተላለፉበት ነው። ስሙ የመጣው በምዕራብ ስኮትላንድ ካለው የካምቤል ጎሳ አገር ነው። ካሬዎቹ ለምን በጫፋቸው እንደቆሙ ማወቅ ለመምረጥ ይረዳል። ሹራብ ሳይስፋፋ በፊት ደገኞቹ ካልሲ የሚሰፉት ከታርታን ጨርቅ ነበር። ጨርቅ በቀጥታ ተቆርጦ ሲሰፋ ባት ላይ አይለጠጥም፤ ስለዚህ በሰያፍ ይቆርጡታል። በሰያፍ ሲቆረጥ የታርታኑ ካሬ ዞሮ በጫፉ ይቆማል። በኋላ በሹራብ የመጣው ያንኑ መልክ ቀድቶ ነው። እንግዲህ ጥሩ አርጋይል ካልሲ የኪልቱ ጨርቅ ተቀጥላ ነው፤ ከኪልቱ ጋር ዝምድና የሌለው አርጋይል የመጣበትን ምክንያት አጥቷል። በ1920ዎቹ የዌልስ ልዑል ጎልፍ ሜዳ ላይ ስላዘወተረው ዛሬ አርጋይል የሚል ስም የያዘ ስስ የቢሮና የጎልፍ ካልሲ ገበያው ሞልቷል፤ ያ የኪልት ካልሲ አይደለም።

ሁለተኛው ጥለት መስመር የማይተላለፍበት፣ እንደ ዳማ ገበታ ሁለት ቀለም እየተፈራረቀ የሚሄድበት ነው። ይህ የወታደር ጠረን አለው። በ1746 የወጣው ሕግ ደገኛው ኪልትና ታርታን እንዳይለብስ ሲከለክል ለሠራዊቱ ብቻ ፈቅዶ ነበር፤ እስከ 1782 ድረስ ልብሱን ያቆየው በአብዛኛው ሠራዊቱ ነው። ክፍለ ጦሮቹም በካልሲያቸው ይለዩ ነበር። የአርጋይልና ሰዘርላንድ ሃይላንደርስ ቀይና ነጭ ነበር። ቀይና አረንጓዴው የካሜሮን ሃይላንደርስ ነበር፤ በ1941 ከረን ላይ ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ የያዘው ሸንተረር እስከ ዛሬ በታሪክ መጻሕፍት በስሙ ይጠራል። እነዚህን ቀለሞች ሲቪል ሰው እንዳይለብስ የሚከለክል የለም። ቢሆንም የቀድሞ ወታደሮች በሚሰበሰቡበት ቦታ የማያውቁትን ክፍለ ጦር ቀለም ባያደርጉ ጥሩ ነው። ለእነርሱ የጓዶቻቸው መታሰቢያ ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ እግሩ ወጥ ሆኖ የሚታጠፈው አፉ ብቻ ጥለት ያለበት ካልሲ። ቀንም ማታም ይሄዳል። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል አላየሁም።

ቀለሙን በምን ብርሃን አዩት?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የታርታኑን ስም ያውቃል፣ «ቀይ ነው» ብሎ ቀይ ካልሲ ይገዛል። አንዱ ታርታን ግን በተለያየ የቀለም ድባብ ይሸመናል። «ሞደርን» የሚሉት ጠቆር ያለ ነው። «ኤንሸንት» የሚሉት ፈዘዝ ያለ፣ ቀዩ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ነው። «ዌዘርድ» የሚሉት ደግሞ ፀሐይና ዝናብ እንዳገረጣው ይመስላል። የሞደርን ቀይ ካልሲ ከኤንሸንት ቀይ ኪልት ጋር ሲውል ሁለቱም ያስጠላሉ። ከኪልቱ ሰፊ ወይም አከራይ ቁራጭ ጨርቅ ይጠይቁ፣ ደጅ ወጥተው በቀን ብርሃን ያስተያዩ። በስልክ ፎቶ አይመኑ።

ከታርታኑ ውስጥ የትኛው ይመረጥ? ካልሲው ሁለት ዋና ቀለም የሚይዝ ከሆነ አንዱ የኪልቱ መደብ ይሁን፤ ሌላው በጨርቁ ውስጥ ሰፋ ብሎ የሚታይ ይሁን። እንደ ሮያል ስቱዋርት ያለ ደማቅ ቀይ ታርታን ላይ ከውጭ አዲስ ቀለም አይጨምሩ። ካልሲውን የሚይዘው ማሰሪያና ከእጥፋቱ ሥር ብቅ የሚለው ቁራጭ ጨርቅ፣ ፍላሽ የሚሉት፣ ባለጥለት ካልሲ ላይ ወጥ ቀለም መሆን አለበት። ታርታን ፍላሽ ከአርጋይል ጋር አይሄድም።

ልኩና አሠራሩስ?

የታጠፈው አፍ ላይኛው ጠርዝ ከጉልበት ሎሚ በታች ሦስት ጣት ያህል ወርዶ ይቀመጣል። ከዚያ ከፍ ካለ ጉልበቱ ይጠፋል፣ ዝቅ ካለ እግሩ ያጥራል። የጫማ ቁጥር ብቻ አይንገሩ፤ የባትዎን ዙሪያ ለክተው ይንገሩ። ባለጥለት ሹራብ ከወጡ ያነሰ ይለጠጣል፣ ሰፊ ባት ላይ ካሬዎቹ ተወጥረው ቅርጻቸው ይበላሻል።

ካልሲውን ይገልብጡትና ውስጡን ይዩ። ልቅ ክር ጣትን የሚይዝ ከሆነ ይተዉት። የኋላ ስፌቱ ላይ ካሬዎቹ ይገጥማሉ? የግራና የቀኙ ረድፍ ሲተያዩ እኩል ናቸው? የእግሩ መዳፍ ያለ ጥለት ወጥ ሆኖ መሠራቱ ጥሩ ነው፤ ጫማ ውስጥ አይቆረቁርም። አንዳንድ የወታደርና የባንድ ዕቃ ደግሞ መዳፍ ጭራሽ የለውም፣ ሌላ ካልሲና መሸፈኛ ተጨምሮበት የሚለበስ ስለሆነ። ሳይጠይቁ እንዳይገዙት። ከሱፍ ጋር ጥቂት ናይለን መግባቱ ተረከዙን ያጠነክረዋል፤ በአብዛኛው አክሪሊክ የሆነውን ግን ይለፉት፣ ያሞቃል፣ ይወርዳልም። ማሰሪያውን አድርገው ደረጃ ወጥተው ይውረዱ። ያኔ ካልወረደ ጭፈራውንም ይችላል።

ስኪን ዱ የሚባለውን ትንሽ ቢላ ካልሲው ላይ የሚሰኩ ከሆነ ቀኝ እጅ የሚቀናው ሰው በቀኝ እግሩ በውጭ በኩል ያደርገዋል፤ የሚታየው እጀታው ብቻ ነው። በአውሮፕላን ሲጓዙ የእጅ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገኝ።

ነጩን ካልሲ በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ከየትኛውም ታርታን ጋር ስለሚሄድ ለአከራዮች ምቹ ሆኖላቸው ነው የተስፋፋው። ሣር ላይ ይቆሽሻል፣ ፎቶ ላይ እግርን ከልብሱ ነጥሎ ያጎላዋል። ክሬም ወይም የአጃ ቀለም ቢጠይቁ አብዛኞቹ አከራዮች አላቸው።

ዋጋው ለምን ይበዛል?

አርጋይል በእጅ ሲሠራ እያንዳንዱ ካሬ የራሱ የክር ጥቅልል አለው፤ ሠሪዋ በአንድ ጊዜ ብዙ ጥቅልል አንጠልጥላ ነው የምትሠራው። ብዙ ጊዜም ጠፍጣፋ ተሠርቶ ከኋላ ይሰፋል። አንድ ጥንድ ሳምንታት ይወስዳል፣ ዋጋውም ከመቶ ፓውንድ በላይ ይሄዳል። በማሽን የተሠራው ይረክሳል፣ ግን የሚገኘው በተወሰኑ ቀለሞች ነው። ከታርታንዎ ጋር እንዲገጥም የሚያሠሩ ከሆነ ከዝግጅቱ ሦስትና አራት ወር ቀድመው ይዘዙ። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ፣ ሳይጠመዘዝ ነው፤ አስጥተው በጠፍጣፋ ነገር ላይ ያድርቁት። ቀዩ ክር ነጩን ሊያቀልመው ስለሚችል መጀመሪያ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ነካ አድርገው ይፈትኑት።

የራስዎ ኪልት ካለዎትና በዓመት ሁለት ሦስቴ የምሽት ግብዣ የሚሄዱ ከሆነ ባለጥለቱ ወጪውን ይመልሳል። ኪልቱ የኪራይ ከሆነ ግን በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰጡዎት ታርታን ሌላ ነው፤ ጥሩ ወጥ የሱፍ ካልሲ ይግዙና ባለጥለቱን የራስዎ ኪልት እስኪሰፋ ያቆዩት።