የአስቸኳይ ሕክምና ሠራተኞችን በአዳዲስ መሣሪያዎች ስለ ማሠልጠን

ድርቅ በደረሰበት አካባቢም ሆነ አዲስ ሰፈራ በሚቋቋምበት ሥፍራ፣ በሽተኛው ሆስፒታል እስኪደርስ የሚያልፉት የመጀመሪያ ሰዓቶች ብዙውን ነገር ይወስናሉ። በእነዚህ ሰዓቶች በሽተኛውን የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሞች ሳይሆኑ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የአምቡላንስ ሠራተኞችና መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። እነዚህን ሠራተኞች ድንገተኛና አደገኛ ሕመም በየቀኑ አይገጥማቸውም። ሲገጥማቸው ግን መጽሐፍ የሚያገላብጡበት ጊዜ ስለማይኖር እጃቸው የለመደውን ይሠራሉ። የሥልጠናው ጥያቄ የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም እጅ የለመደው ነገር ዛሬም ትክክል ነው ወይ የሚል ነው።

በረሃብ የተጎዳ ሕፃን ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ ይሆናል። ተቅማጥ ይዞት ዓይኑ የጎደጎደ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ የማይመለስ ሕፃን ሲመጣ፣ በመደበኛው ትምህርት መሠረት ሰውነቱ ውሃ አጥቷልና ግሉኮስ ይሰቀልለት ይባላል። ነገር ግን በከፍተኛ የምግብ እጥረት በተጎዳ ሕፃን ላይ እነዚህ ምልክቶች ያታልላሉ። ከቆዳው ሥር የነበረው ስብ ስላለቀ፣ ውሃ ባያጣም እንኳ ዓይኑ ይጎደጉዳል፤ ቆዳውም ይላላል። ልቡ ደክሟል፤ በሰውነቱ ውስጥም ሶዲየም በዝቶ ፖታሲየም አንሷል። ፈሳሹ በደም ሥር በፍጥነት ሲገባ ልቡ መሸከም ያቅተውና ሕፃኑ ለማዳን በተደረገው ነገር ይሞታል። ስለዚህ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት የደም ዝውውሩ ወድቆ ራሱን ወደ መሳት ለደረሰ ሕፃን ብቻ፣ ያውም በዝግታና ትንፋሹንና የልቡን ምት ደጋግሞ በመቁጠር የሚፈጸም ነው። ሌላው ሁሉ ሶዲየሙ የተቀነሰ፣ ፖታሲየሙ የተጨመረ ልዩ የንጥረ ነገር ውሃ በአፉ ወይም በአፍንጫ ቱቦ ጥቂት በጥቂት ይሰጠዋል።

በረሃብ ባልተጎዱት ሕፃናትም ቢሆን የቀድሞው እምነት ተናግቷል። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በ3,141 ሕፃናት ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት፣ ከፍተኛ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ሕፃናት ፈሳሽ በደም ሥር በብዛትና በፍጥነት ሲሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶ 10.5 ያህሉ ሲሞቱ፣ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ካልተሰጣቸው ግን የሞቱት ከመቶ 7.3 እንደ ነበሩ አሳይቷል። በረሃብ ክፉኛ የተጎዱትና በተቅማጥ የታመሙት በዚህ ጥናት አልተካተቱም። ሆኖም ለብዙ ዓመታት በየትምህርት ቤቱ ያለ ጥርጥር ሲሰጥ የኖረ ትምህርት በአንድ ጥናት መገልበጡ፣ ሥልጠና አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚቀር ነገር እንዳልሆነ ያስረዳል።

የሰፈራ ሥፍራዎች ደግሞ የራሳቸው ችግር አላቸው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜንና ከመካከለኛው ደጋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ፣ ይኸውም ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ሲወሰድ፣ ወባን ለምዶ የማያውቅ ሰው ወባ በሚበዛበት ቆላ ሰፈረ። ሰፋሪው ብቻ ሳይሆን ደጋ ተምሮ ደጋ የሠራ የጤና ባለሙያም ወደ እንዲህ ያለ ሥፍራ ሲመደብ እንግዳ ነው። ሕክምናውም በዚያው አልቆመም። ኢትዮጵያ ክሎሮኩዊንን ትታ፣ በመካከሉ የገባውንም መድኃኒት አልፋ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የተቀላቀሉበትን መድኃኒት ተቀበለች። ለጠናው ወባም ቢሆን ለዘመናት የታመነው ኩዊኒን ነበር። በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 5,425 ሕፃናት የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት ግን በኩዊኒን ከታከሙት ከመቶ 10.9፣ በአርቴሱኔት ከታከሙት ከመቶ 8.5 መሞታቸውን አረጋገጠ፤ በማግሥቱም ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ለወጠ። ከዚያ በፊት ሠልጥኖ ወደ ሩቅ ጣቢያ የሄደ ነርስ ይህን በምን ያውቃል?

እስከ ቅርብ ጊዜ የነበረው መልስ ሠራተኛውን ወደ ዞን ከተማ ጠርቶ፣ አዳራሽ ሰብስቦ፣ ለጥቂት ቀናት ማስተማርና የምስክር ወረቀት መስጠት ነበር። ይህ ዘዴ ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ሁለት ሠራተኛ ካለው የጤና ኬላ አንዱ ለሳምንት ሲሄድ ሥራው ይጎዳል። ሁለተኛው ግን ከሩቅ አይታይም። በሰሜን ታንዛኒያ በሚገኘው የሃይዶም ሆስፒታል አዋላጆችና ነርሶች ሲወለድ የማይተነፍስ ሕፃንን ስለ መርዳት የአንድ ቀን ትምህርት ተሰጣቸው። ከሰባት ወር በኋላ በአሻንጉሊት ሲፈተኑ ችሎታቸው ተሻሽሎ ተገኘ፤ በማዋለጃው ክፍል ውስጥ የሚያደርጉት ግን አልተለወጠም። ፈተና ማለፍ ሌላ፣ ሥራ መሥራት ሌላ ሆነ። ሆስፒታሉ በዚህ ሳይወሰን ልምምዱን ወደ ማዋለጃው ክፍል አስገባው። ሠራተኞቹ በየሳምንቱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ለ40 ደቂቃ ያህል እዚያው በሥራ ቦታቸው ይለማመዱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ከ1,000 ልደት ከ11.1 ወደ 7.2 ዝቅ ብለዋል። ለዚህ ውጤት ያበቃው ውድ መሣሪያ አልነበረም። አሻንጉሊቱ ክብደቱ የሕፃን ያህል እንዲሆን ውሃ የሚሞላ፣ በእጅ በሚጨመቅ አምፑል የሚተነፍስና እትብቱ የሚመታ ቀላል ዕቃ ነው። ጉዳዩ ያለው በአጭርና በተደጋጋሚ መለማመድ ላይ ነው።

በሥራ ላይ ማስተማር ለኢትዮጵያም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያዎች አውጥቶ እንደ አንድ ቡድን ያለማምድ ነበር። ዛሬ ዘመናዊ ተብሎ የሚቀርበው ብዙው ነገር ይህንኑ ሐሳብ በሌላ ዕቃ የሚያድስ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

አዲሱ ዕቃ በእርግጥ የሚጨምረው ነገር አለ። ልቡ የቆመን ሰው ደረት የመጫን ልምምድ የሚደረግበት አሻንጉሊት እ.ኤ.አ. በ1960 በኖርዌዩ የአሻንጉሊት ሠሪ በኦስሙንድ ሌርዳል ሲወጣ፣ ፊቱ ስሟ ያልታወቀ የአንዲት ወጣት ሴት ፊት ነበር። በዚያን ጊዜ ተለማማጁ በትክክል መጫኑን የሚያውቀው አስተማሪው በዓይኑ ገምቶ ሲነግረው ብቻ ነው። አሁን በአሻንጉሊቱ ደረት ውስጥ ያለው ጠቋሚ እያንዳንዱን ግፊት ለክቶ በስልክ ወይም በታብሌት ላይ ያሳያል። ለአዋቂ ሰው ጥልቀቱ ከአምስት እስከ ስድስት ሳንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 መሆኑን፣ ደረቱም ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላ ሙሉ በሙሉ መመለሱን ተለማማጁ ራሱ ያያል። አስተማሪ በሌለበት ሩቅ ጣቢያ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው የራሱን ድካም ስለማይታወቀው ግፊቱ እያነሰ ሲሄድ ልብ አይለውምና።

በእጅ ስልክ የሚሰጠው ትምህርት በአገራችን ተፈትኗል። በምዕራብ ወለጋ፣ በጊምቢ አካባቢ፣ በ73 የጤና ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ለግማሾቹ አደገኛ ወሊድን በተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያስተምር፣ ኔትወርክ በሌለበትም የሚሠራ ፕሮግራም ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ስልኩ የተሰጣቸው ሠራተኞች በእውቀትም ሆነ የማይተነፍስ ሕፃንን በመርዳት ችሎታ ከሌሎቹ በእጅጉ በልጠው ተገኝተዋል። በወሊድ አካባቢ የሚደርሰው የሕፃናት ሞት ከ1,000 ልደት በእነርሱ ዘንድ 14፣ በሌሎቹ ዘንድ 23 ነበር። ይህ ልዩነት ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን በቂ ሆኖ ስላልተገኘ፣ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስልኩ ሠራተኛውን እንዳስተማረ መናገር ይቻላል፤ ሕፃናቱን አዳነ ብሎ ለመናገር ግን ጥናቱ አያበቃም። ሁለቱን ሳይለዩ ማወጅ የተለመደ ቢሆንም የሚደገፍ አይደለም።

መሣሪያው ወደ ድርቅና ሰፈራ አካባቢ ሲሄድ አስቀድመው ሊታሰቡ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። መብራት በሌለበት በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ይህ ቀላል ነው። ቋንቋው ግን ቀላል አይደለም፤ ሠራተኛው በሚያስብበት ቋንቋ ያልተነገረ ትእዛዝ በችኮላ ሰዓት አይታወስም። ሠራተኛው በልምምድ ያገኘው ነጥብ በስልኩ ተመዝግቦ ወደ በላይ የሚሄድ ከሆነም ለቅጣትና ለደረጃ መስጫ እንዳይውል መጠንቀቅ ያሻል፤ አለዚያ የሚለማመደው የሚችለውን ብቻ ይሆናል፤ ልምምድ የሚያስፈልገው ግን የማይችለው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የትምህርቱ ዕድሜ ነው። የታተመ መጽሐፍ ሲያረጅ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል፤ በስልክ ውስጥ ያለ ትምህርት ግን ለአሥር ዓመት ባይታደስም አዲስ ይመስላል። ኔትወርክ በሌለበት ጣቢያ ስልኩ ወደ ወረዳ ሲወርድ ትምህርቱን የሚያሳድስ አንድ ሰው በስም ተለይቶ መመደብ፣ የታደሰበትም ቀን በመጀመሪያው ገጽ ላይ በጉልህ መጻፍ ይኖርበታል። አዲሱ ትምህርት በደረሰበት ቀንም በግድግዳ ላይ ተለጥፎ የቆየው የቀድሞው የመድኃኒት ሠንጠረዥ መነሣት አለበት፤ የስልኩ ባትሪ ባለቀበት ሌሊት ተረኛዋ ነርስ በፋኖስ የምታነበው እርሱን ነውና።