ሐሙስ ተደውሎ ቅዳሜ ለሚጫወት ድራመር

አዳማ ውስጥ የሙዚቃ ሥራ ቀጠሮው አጭር ነው። ከተማዋ የስብሰባና የሥልጠና መናኸሪያ በመሆኗ ዝግጅቶቿ የሚወሰኑት በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ ወዲህ ሠርጉ ሲደራረብ ደግሞ አንድ ባንድ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ቦታ ይፈለጋል። አንዱ ድራመር ታመመ ወይም ሌላ ሥራ ያዘ ሲባል ሐሙስ ማታ ስልክ ይደወላል፤ የሦስት ድምፃውያን ሠላሳ ዘፈን ያለበት ዝርዝርም ይላካል። ቢሾፍቱም፣ ባቱም፣ ሻሸመኔም ነገሩ ያው ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ዝርዝሩን ከላይ ጀምረው እያንዳንዱን ዘፈን ደጋግመው መስማት ይጀምራሉ፤ አሥረኛው ላይ ሲደርሱ ሌሊቱ ይነጋል፣ የመጀመሪያዎቹም ይደባለቁባቸዋል። ሠላሳ ዘፈን እንደ ሠላሳ የተለያየ ነገር ሊጠና አይገባውም። ዘፈኖቹን በምት ቤተሰብ መመደብ፣ ከዚያም ያለችውን ጊዜ በሙሉ ዘፈኑ በሚነሣበት፣ በሚቆምበትና በሚዘጋበት ቦታ ላይ ማዋል ይበጃል።

ይህ የሚሠራው በአገራችን የባንድ አሠራር ምክንያት ነው። አይቤክስ ባንድ፣ በኋላም ከእሱ የወጣው ሮሃ ባንድ ማህሙድ አህመድንና ሌሎች በርካታ ድምፃውያንን እንዳጀቡት ሁሉ፣ እኛ ዘንድ አንድ ባንድ ብዙ ድምፃዊ ማጀቡ የቆየ ልማድ ነው። ይህ የሚቻለው ዘፈኖቹ ብዙ ቢሆኑም የቆሙባቸው ምቶች ጥቂት ስለሆኑ ነው። አድማጭም የድራመርን ስሕተት የሚያውቀው በአብዛኛው ዘፈኑ መሃል ሳይሆን መጋጠሚያው ላይ ነው። መሃሉ ላይ አንዲት የሲንባል ምት ብትጎድል ማንም ልብ አይልም። ሁሉም ባቆመበት ቦታ ድራሙ ብቻውን ከቀጠለ ግን አዳራሹ በሙሉ ይሰማዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ሰምቶ ዝርዝሩን መመደብ ነው። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ ምቱ በሦስት ይከፈላል ወይስ በሁለት? ወፍራሙ ምት የሚያርፈውስ የት ላይ ነው? ችክችካ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ የሦስት ክፍያ ነው። ብዙ ቀስ ያሉ የትዝታ ዘፈኖችም በዚሁ አከፋፈል ስለሚሄዱ ፍጥነታቸው እንጂ መሠረታቸው አዲስ አይሆንብዎትም። ጉራጊኛና ወላይትኛ ፈጣኖች ናቸው፤ እዚህ ላይ ፈተናው ከማስታወስ ይልቅ ሳይደክሙና ሳይሮጡ መዝለቅ ነው። ትግርኛው ከከበሮው የመጣ፣ ከችክችካ ጋር ሊምታታ የማይገባው የራሱ አካሄድ አለው። የባህል ዘፈን ሲገጥምዎት መጀመሪያ ከበሮውን ብቻ ያድምጡ፤ የሰፊውን ፊት ድምፅ ለኪክ ወይም ለትልቁ ቶም፣ የጠባቡን ለስኔር ቢሰጡት አብዛኛው ሥራ ያልቃል።

በዚህ አካባቢ ግን ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ሁለት ነገሮች አሉ። ዝርዝሩ ላይ «ኦሮምኛ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የሐረርጌው ሸጎዬ፣ የአርሲውና የሸዋው ጨዋታ አካሄዳቸው ይለያያል፣ ጨፋሪውም ልዩነቱን ከእግሩ ያውቀዋል። ድሬዳዋ የተወለደውና ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እዚሁ አዳማ ውስጥ ያረፈው የኦሮምኛ ድምፃዊ አሊ ቢራ ዘፈኖቹ በዝርዝሩ ላይ ባይኖሩም ሊጠየቁ ይችላሉና የእሱን ታዋቂ ሥራዎች ከማንኛውም ጥሪ በፊት አጥንቶ መያዝ ግዴታ ነው እላለሁ። ሁለተኛው ሬጌ ነው። ራስ ተፈሪያውያን ከሰፈሩባት ሻሸመኔ ሥራ ሲመጣ ሬጌ ይጠበቃል። የቦብ ማርሊ ድራመር ካርልተን ባሬት ያስለመደው ስልት የመጀመሪያውን ምት ባዶ ትቶ ኪክና ስኔርን ሦስተኛው ላይ አንድ ላይ ያወርዳል። የለመደው እጅ ባዶውን ቦታ ሊሞላ ይቸኩላልና ይህን አስቀድሞ በዝግታ መለማመድ ያስፈልጋል።

ምደባው ካለቀ በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። እያንዳንዱን ዘፈን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ይስሙና አምስት ነገር ብቻ ይጻፉ፤ ፍጥነቱን በሜትሮኖም ቁጥር፣ ማን እንደሚጀምረው (ኪቦርድ ነው፣ ሳክስ ነው፣ ወይስ ድራሙ ራሱ)፣ ስንኙና አዝማቹ እንዴት እንደሚፈራረቁ፣ ስቶፑ የት እንደሆነ፣ አዘጋጉ እንዴት እንደሆነ። ለአንድ ዘፈን አራት መስመር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የተጻፈውን መድረክ ላይ የሚያነብበት ጊዜ ያለው ሰው የለም። ወረቀት የደካማ ሙዚቀኛ ምልክት ነው፣ የእኛ ሙዚቃ በጆሮ ነው የሚያዘው የሚሉ አሉ። በጆሮ መያዙ እውነት ነው፤ ሆኖም ጆሮ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጊዜ አይደለም። በአሜሪካዋ ናሽቪል ቀኑን ሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ የሚያጅቡ ሙዚቀኞች እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮርዶችን በቁጥር የሚጽፉበት ዘዴ አላቸው፤ ይህን ያደረጉት ጆሯቸው ስለደከመ ሳይሆን የማያውቁትን ዘፈን ወዲያው መጫወት ስላለባቸው ነው።

ቀጥሎ ያለው ደረጃ ብዙ ሰው የሚዘልለው ነው። ስልኩን ይዝጉና ዘፈኑን ከራስዎ ያውጡት፤ ዜማውን በአፍ እያንጎራጎሩ ምቱን ጉልበትዎ ላይ ይምቱ፣ ስቶፑ ጋ ሲደርሱ ይቁሙ፣ አዘጋጉን ይዝጉ። የተሳሳቱበትን ቦታ ብቻ ከፍተው ያረጋግጡ። ደጋግሞ መስማት ያወቁ ስለሚያስመስል ያታልላል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ አስታውሰዋል፤ ከሁለት ቀንና ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። ጥናቱ በንባብ እንጂ በሙዚቃ አልተሠራም፤ ይሁንና ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ያለው ርቀት ያው ሁለት ቀን ነው፣ ድራመርም መድረክ ላይ የሚጠየቀው ከራሱ እንዲያወጣ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ማታ መድበው ከጻፉ፣ ዓርብ ሙሉውን ለዚህ ፈተና ይስጡት፤ ጠዋት በዝርዝሩ ተራ፣ ማታ ግን አዘበራርቀው፤ ከወላይትኛ ወደ ቀስታው ትዝታ፣ ከዚያ ወደ ሬጌ። ድምፃዊው ተራውን መለወጡ ስለማይቀር ከአንዱ ምት ወደ ሌላው መሻገር ራሱን የቻለ ልምምድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ያልያዟቸውን ብቻ ይመልከቱ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣም ቢሆን የመንገዱን ሰዓት ለእነዚሁ ያውለው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። ዘፈን ሁሉ በምት ቤተሰብ ከተመደበ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ዘፈን የራሱ መልክ አለው ይባላል። ተቃውሞው ትክክል ነው፣ ሊታለፍም አይገባም። ይሁን እንጂ ያ መልክ በአብዛኛው የሚገኘው በአንድ ወይም በሁለት ቦታ ነው፤ አዝማቹን በሚጠራው የቶም ምት ወይም ከመሣሪያዎቹ ጋር አብሮ በሚመታ አጭር ሐረግ። ያንን አንዱን ፈልገው በወረቀቱ ላይ ያስምሩበት፣ እንደተቀዳውም ይምቱት፤ የቀረውን ፊል በሙሉ መሸምደድ ግን ጊዜ ማባከን ነው። በካሴት ዘመን መጨረሻ ከተቀዱት ብዙዎቹ የኪቦርድና የማሽን ምት ስለሆኑ የማሽኑን እያንዳንዱን ድምፅ በእጅ መቅዳት ለዘፈኑ የሚጨምረው ነገር የለም።

ሌላው ጥያቄ በቀረጻው ያለው ቅርጽ ሠርግ ላይ ስለማይከበር መጻፉ ምን ይጠቅማል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሙሽሮቹ እየጨፈሩ ድምፃዊው አዝማቹን አምስት ጊዜ ሊመልሰው ይችላል። የተጻፈው ቅርጽ የሚጠቅመው ግን ከምን እንደወጡና ወደየት እንደሚመለሱ ስለሚያሳይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በዐይን የሚሠራ ነው። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ሩብ ሰዓት ከተገኘ ሙሉ ዘፈን አይለማመዱ፤ የሁሉንም መነሻና መዝጊያ ብቻ ከቤዙና ከኪቦርዱ ጋር ያስኬዱ፣ የማቆሚያውን ምልክት የሚሰጠው ማን እንደሆነ ይስማሙ፣ ድራሙን ድምፃዊውን በግልጽ ወደሚያዩበት አቅጣጫ ያዙሩ። እስክስታው ሲሞቅ ምቱ መፍጠኑ አይቀርም፤ በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከመነሣትዎ በፊት በልብዎ ቢቆጥሩ ቢያንስ አጀማመሩ አይበላሽም። ከጠፋብዎ ፊል አይጨምሩ፤ ሃይ ሃቱንና ኪኩን ይዘው ቤዙን ይከተሉ፣ አዝማቹ ሲመጣ ይገባሉ።

የባንድ መሪዎችና ድምፃውያንም ድርሻ አላችሁ። ስትደውሉ የዘፈን ስም ብቻ አትላኩ፤ የትኛውን ቅጂ እንደምትጫወቱ፣ የለወጣችሁት መግቢያ ወይም መዝጊያ ካለ በድምፅ ቀድታችሁ አብራችሁ ላኩ። ለእናንተ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለሚመጣው ድራመር ግን አንድ ሙሉ ሌሊት ይቆጥብለታል።